ትኩሳቱ ለቆ ምግቡ ያልተመለሰላት ልጅ፦ ኢንፌክሽንና የታዳጊዎች የአመጋገብ ሕመም

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ወባው ይነሣል፤ በደጋው ጉሮሮና ሳል፣ በየከተማው ደግሞ ታይፎይድ የሚባለው ትኩሳት ይበረታል። አብዛኛው ታዳጊ ታሞ ይተኛል፣ መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ በሳምንት በዐሥር ቀን እንደ ልማዱ የሚበላ መጠየቅ ይጀምራል። ጥቂቶች ግን እንዲህ አይሆኑም። ትኩሳቱ ይለቃቸዋል፣ ላቦራቶሪው “ነፃ ነሽ” ይላል፣ ምግብ ግን እንዳስጠላቸው ይቀራል። ቤተሰብ መጀመሪያ “ሕመሙ አልወጣላትም” ይላል፤ ቀጥሎ ጨጓራ ነው ይባላል፤ ከዚያ ሌላ ዙር መድኃኒት ይገዛል። ሁለት ወር ሲሞላ ቀሚሱ ሰፍቷል፣ የወር አበባው ቀርቷል፣ ልጅቱም መብላት አለመቻሏን ሳይሆን መብላት አለመፈለጓን መናገር ጀምራለች።

ኢንፌክሽንና የአመጋገብ ሕመም ይገናኛሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ በሰፊው ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2019 ጃማ ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የዴንማርክ ጥናት ነው። በዴንማርክ እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ሆስፒታል መታከሙም ሆነ ከፋርማሲ የወሰደው መድኃኒት በዚያው ቁጥር ይመዘገባል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2006 የተወለዱ 525,643 ሴት ልጆችን መዝገብ እስከ 2012 መጨረሻ ተከታተሉ። ከእነዚህ መካከል 2,131ዱ አኖሬክሲያ፣ ማለትም ሰውነት እስኪመነምን ራስን ከምግብ ማራቅ ተገኘባቸው። ቡሊሚያ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ለማውጣት መሞከር የተገኘባቸው 711 ሲሆኑ፣ 1,398ቱ ከሁለቱ የማይመደብ ሌላ ዓይነት የአመጋገብ ሕመም ነበራቸው። በኢንፌክሽን ሆስፒታል የታከሙት ካልታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ አኖሬክሲያው በ22 በመቶ፣ ቡሊሚያው በ35 በመቶ፣ ሌላው ዓይነት በ39 በመቶ በዛ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በወሰዱት ላይ ልዩነቱ በቅደም ተከተል 23፣ 63 እና 45 በመቶ ሆነ። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጊዜው ነው፤ አደጋው ጎልቶ የታየው ሆስፒታል ከታከሙ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ነው።

ቁጥሩን ሳይለኩ መደንገጥ አይገባም። 22 በመቶ ማለት ከመቶ ልጆች 22ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። በጥናቱ አኖሬክሲያ የተገኘባቸው ከ1,000 ልጃገረዶች 4 ገደማ ናቸው፤ በዚያ ላይ 22 በመቶ ሲጨመር ወደ 5 ይጠጋል። ሌሎቹ 995 ልጆች ታመው ድነው ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። በዚያ ላይ ቅደም ተከተሉ ያሳስታል። ማንም ሳያውቅባት ምግብ መቀነስ የጀመረች ልጅ ሰውነቷ ይዳከምና በኢንፌክሽን ትወድቃለች፤ መዝገቡ ግን ሆስፒታሉን ቀድሞ፣ የአመጋገብ ሕመሙን ኋላ ይጽፋል። ሆስፒታል የገባች ልጅ ደግሞ ትመዘናለች፣ ሐኪም ያያታል፣ ቤቷ ብትቀር ተሸፍኖ የሚኖረው ይወጣል። ጥናቱ ወንዶችን አላካተተም፤ ወንዶች አይያዙም ማለት ግን አይደለም።

በእኛ ግምት ኢንፌክሽን ብቻውን ይህን ሕመም አያመጣም፤ ዝንባሌው ባለበት ልጅ ላይ ግን በር ሊከፍት ይችላል። መንገዱ ከአንድ በላይ ይመስላል። ሰውነት ከተሕዋስያን ጋር ሲዋጋ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይረጫል፤ እነዚህ አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ ላይ ደርሰው ረሃብን ያጠፋሉ። ለዚህ ነው ትኩሳት የያዘው ሰው ወጥ ሲሸተው ፊቱን የሚያዞረው። ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ ምልክቱም መጥፋት አለበት። በመሀል የቀነሰው ኪሎ ግን የራሱን ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች ለስድስት ወራት ያህል በግማሽ ረሃብ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ሲያጡ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ፣ በሰሃን ላይ ምግብ ማገላበጥ፣ ከሰው መሸሽ፣ መነጫነጭ ታየባቸው፤ አንዳንዶቹ እንደ ልብ ብሉ ሲባሉ ማቆም አቃታቸው። ረሃብ ራሱ አእምሮን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ትልቅ የዘረመል ጥናት ደግሞ ከአኖሬክሲያ ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረመል ቦታዎችን ለይቶ፣ ዝንባሌው ከአእምሮ ጠባይ በተጨማሪ ሰውነት ጉልበትን ከሚጠቀምበት መንገድ ጋርም እንደሚያያዝ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያላት ልጅ በታይፎይድ አምስት ኪሎ ስትቀንስ ሌላው የሚደክምበትን ባዶ ሆድ እሷ ቀለለኝ ትለዋለች።

ሁለተኛው መንገድ አንጀት ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጠላቱን ሲገድል የአንጀትን ነዋሪ ባክቴሪያዎችም አብሮ ያመሳቅላል። የፈረንሳይ ሩዋን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኢ. ኮላይ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ጥጋብን ከሚያበስር የሰውነት ሆርሞን ጋር እንደሚመሳሰል አሳይተዋል። ሥራው ባብዛኛው በአይጥ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከዚህ በላይ አንሄድበትም።

ሦስተኛው ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። ጉሮሮን የሚያቆስለው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ በአገራችን ብዙ ወጣት የሚያሳጣንን የሪህ የልብ ሕመም የሚያስከትለው ነው፤ ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ልብ ይመታል። አንጎልንም ይመታል። ጉሮሮው ከዳነ ከወራት በኋላ የልጅቱ እጅ ያለ ፈቃዷ መወራጨት፣ ፊቷ መኮማተር፣ ጽሕፈቷ መበላሸት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ከጀመረ ሲደናም ኮሪያ የሚባለው የአንጎል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ቡዳ ነው ከመባሉ በፊት ልቧ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ይታይ። ከዚሁ ተነሥተው በአሜሪካ ሱዛን ስዊዶና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ከስትሬፕቶኮከስ በኋላ በድንገት የሚመጣ የጭንቀትና የድግግሞሽ ጠባይ ያለባቸውን ሕፃናት ገለጹ። በኋላ በወጣው ሰፋ ያለ መስፈርት ምግብን በድንገት በእጅጉ መተው እንደ ዋና ምልክት ተቆጠረ። መስፈርቱ እስከ ዛሬ ሐኪሞችን ያከራክራል፤ የሚለይበት ግን ድንገተኛነቱ ነው። እናት “ከማክሰኞ ጀምሮ ሌላ ልጅ ሆነች” ብላ ቀኑን መጥራት ትችላለች። የተለመደው አኖሬክሲያ እንዲህ ቀን አይቆረጥለትም፤ በሳምንታት እየሾለከ ነው የሚገባው።

ስለዚህ የጉሮሮ ሕመምን በወጉ ማከም ለልብም ለአንጎልም ይጠቅማል። ትኩሳት ካለ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገቷ ፊት ለፊት ያለው እጢ ሲነኩት ካመመና ሳል ከሌለ ስትሬፕቶኮከስ ይጠረጠራል። ክብደቷ ከ27 ኪሎ በላይ ከሆነ አንድ ጊዜ የሚወጋ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይበቃል፤ አሞክሳሲሊን ከተመረጠ ሙሉ 10 ቀን ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ መጀመር የሪህ ትኩሳትን ይከላከላል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሦስተኛው ቀን ጉሮሮው ሲሻል የቀረው ክኒን ለወንድም ሲቀመጥ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ለመዋጥ የምትፈራ ልጅ ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በዴንማርክ ሦስት ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን መውሰድ የብዙ ሕመም ምልክት ነው። እዚህ ግን አንዲት የማትበላ ልጅ ሦስቱን ዙር አንድም እውነተኛ ኢንፌክሽን ሳይኖርባት ልትጨርስ ትችላለች። ድካም፣ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይዛ ትመጣለች፤ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ይሠራላታል፤ “ታይፎይድ አለብሽ” ይባላል፤ ሲፕሮ የተባለው ፀረ ተሕዋስያን ይሰጣታል። ዊዳል የሚለካው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ካለፈ ኢንፌክሽንም፣ ከሌላ ተመሳሳይ ተሕዋስም ሊመጣ ስለሚችል አንድ ጊዜ ታይቶ የዛሬን ሕመም አያረጋግጥም። ሲፕሮው ሆዷን ይረብሻል፣ አለመብላቷ ይብሳል። ቀጥሎ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ይሠራል፣ ባክቴሪያው በብዙ ጤነኛ ሰውም ስለሚገኝ አለብሽ ትባላለች፣ ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስያንና ኦሜፕራዞል ይጨመራል። ከዚያ ጃርዲያ፣ ከዚያ የትል መድኃኒት። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጊዜ እንኳ ያልተመዘነች ልጅ ማግኘት አይከብድም።

ሐኪሙንም ቤተሰቡንም የሚያዘናጋ ሌላ ነገር አለ። የአመጋገብ ሕመም ሲባል መወፈርን የምትፈራ፣ መስታወት ፊት የምትቆም የከተማ ልጅ ትታሰባለች። በሆንግ ኮንግ ሲንግ ሊ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የገለጻቸው ብዙ ሕሙማን ግን ስለ ውፍረት አላነሡም፤ “ሆዴ ይነፋል፣ አይርበኝም” ነበር የሚሉት። በጋና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የተማሪዎች ጥናትም ራሳቸውን ከምግብ ያራቁ ልጃገረዶች ምክንያታቸው ውፍረት ሳይሆን ሃይማኖታዊ ጾምና ራስን መግዛት እንደሆነ አሳይቷል። መንዝ ወይም አንኮበር ያለች ልጅ “ጨጓራዬ ነው” ስትል መዋሸቷ ላይሆን ይችላል፤ ሆዷ በእርግጥ ይነፋል፣ ባዶ የከረመ ጨጓራ ምግብን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ከዚህ ሌላ ሲያስመልሳቸው ወይም ሲያንቃቸው ደንግጠው “ይደገምብኛል” ብለው ምግብ የሚሸሹ ልጆች አሉ። እነሱም መወፈርን አይፈሩም፤ ከጨጓራና አንጀት ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣው አለመብላት ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ያዘነብላል።

ሚዛን ይቅደም። ከኢንፌክሽን ሕክምና ስትወጣ አንድ ጊዜ፣ በሁለት ሳምንት፣ በስድስት ሳምንትና በሦስት ወር ብትመዘን የዴንማርኩ ጥናት ያመለከተው አደገኛ ጊዜ ይሸፈናል። ሚዛኑ አንድ ይሁን፤ ጠዋት፣ ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ጋቢና ሹራብ ወልቆ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሦስት ልብስ ደራርቦ መመዘን ሁለት ኪሎ ይደብቃል፤ ሆን ብላ ውኃ ጠጥታ የምትመዘንም አለች። ከ46 ኪሎ ወደ 41 የወረደች ልጅ 5 ኪሎ ለ46 ሲካፈል ወደ 11 በመቶ አጥታለች፤ ይህ ቀላል አይደለም። የታዳጊ ክብደት በአዋቂ መለኪያ አይፈረድም፤ ክብደቷ ከቁመቷ ጋር ተነጻጽሮ ለዕድሜዋና ለጾታዋ በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ከመካከለኛው መስመር ከሁለት ደረጃ (ዚ ስኮር) በታች መውረድ መቀጨጭ፣ ከሦስት በታች ከባድ ነው። ታዳጊ እያደገች ስለሆነ ኪሎዋ ባይቀንስም ለወራት ባለበት መቆሙ ራሱ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የእጅ ሰዓት ነው። አምስት ደቂቃ አጋድሞ የልብ ምትን ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር። ኢንፌክሽን ያለባት ልጅ ምቷ ይፈጥናል፣ እንደ ታይፎይድ ያሉ ጥቂት ኢንፌክሽኖች ግን ከትኩሳቱ ጋር የማይመጣጠን ዝግ ያለ ምት ሊያሳዩ ይችላሉ። በረሃብ የተጎዳች ልጅ ምቷ ይዘገያል፤ ነቅታ እያለች በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ፣ የደም ግፊቷ ከ90/45 ከወረደ፣ ሙቀቷ ከ35.6 ዲግሪ በታች ከሆነ ወይም ከተኛችበት ስትቆም ምቷ በእጅጉ ከጨመረ ሆስፒታል መተኛት አለባት። “ስፖርተኛ ስለሆነች ነው” የሚለውን ማብራሪያ ከኪሎዋ ጋር አስተያይቶ ነው መቀበል።

ሁሉንም ወደ አእምሮ መወርወርም የዚያኑ ያህል ያሳስታል። በሰሜን ሸዋ የምትከሳ ታዳጊ ስትገኝ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ እጢ ሕመምና የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን መታየት አለባቸው። ብዙ ውኃ ጠጥታ ሌሊት ለሽንት የምትነሣ ልጅ የደም ስኳሯ በዚያው ቀን ይለካ። እዚህ ላይ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ርካሽ የደም ምርመራ ይረዳል፤ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ኢኤስአር። በአኖሬክሲያ ብቻ በተጎዳች ልጅ ላይ ኢኤስአር ባብዛኛው ዝቅተኛ ነው። ከፍ ብሎ ከተገኘ ቲቢ ወይም ሌላ ብግነት ተደብቋልና ፍለጋው አይቁም። የተራበ ሰውነት ነጭ የደም ሕዋሱ ስለሚያንስ በኢንፌክሽን ተይዞም ላይተኩስ ይችላል፤ “ትኩሳት የላትም” ተብሎ መተው ለእንዲህ ያለች ልጅ ዋስትና አይደለም።

ቤት ውስጥ ማየት የሚከለክለው መሶቡ ራሱ ነው። ከአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እጇ ይዘረጋል፣ እንጀራውን በትንሹ ትቆርሳለች፣ ወጡን ነካ አድርጋ ወደራሷ በኩል ታከማቻለች፣ ለታናሿ ታጎርሳለች፤ ሲነሡ ሁሉም “አብራን በላች” ይላል። ለጥቂት ሳምንታት በሰሃን ለብቻ ማቅረብ ነውር መስሎ ቢታይም መጠኑን ያሳያል። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ዘንድ ስንቁን ማየት ነው፤ የተላከው በሶና ዳቦ በሁለት ሳምንቱ ሳይነካ ሻግቶ ከተገኘ ያን ጊዜ መጠየቅ ይገባል። ከማዕድ እንደተነሣች ወዲያው ወደ ሽንት ቤት መሄድ፣ የጣቶች አንጓ ላይ ጠባሳ፣ የጥርስ መሸርሸር፣ ከጆሮ በታች በሁለቱም በኩል ማበጥ የማስመለስ ምልክቶች ናቸው። እብጠቱ ጆሮ ደግፍ ተብሎ ያልፋል፤ ጆሮ ደግፍ ግን ለወራት አይቆይም።

ጾምን ሕመም ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ የክረምቱ ትኩሳት በበረታበት ጊዜ ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ጾመኛ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ይርበዋል፣ ይበላል፣ በፋሲካም ከሰው ጋር ይፈስካል። የታመመችው ልጅ ሰዓቱ ሲደርስ ታራዝማለች፣ ከጾሙ ምግብም እየመረጠች ትቀንሳለች፣ ጾሙ ሲፈታ የራሷን ትቀጥላለች። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም፤ የንስሐ አባቷ “አንቺ ብዪ” ሲሏት የሐኪም ምክር ያልደረሰበት ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ ከጾም ካልወጣች ጉልበት ያለው የጾም ምግብ አይጠፋም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ በዘይት የታሸ በሶ በትንሽ መጠን ብዙ ይሰጣሉ።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን ቤተሰቡ ሲነቃ ነው። ከ10 ቀን በላይ ምንም ያህል ያልበላች፣ ወይም ከአምስት ቀን በላይ ሳትበላ ከክብደቷ ከ10 በመቶ በላይ ያጣች ልጅ ላይ ገንፎ በቅቤ፣ ዶሮ ወጥና ማር በአንድ ቀን ሲደራረቡ ኢንሱሊን በድንገት ይበዛል። ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ከደም ወደ ሕዋስ ይገባሉ፣ ልብ ምቱ ይዛባል፣ እግር ያብጣል፣ ልጅቱ “መብላት በጀመረች በሦስተኛው ቀን” ልትሞት ትችላለች። “ግሉኮስ ይሰቀልላት” የሚለው የተለመደ ጥያቄም እዚህ ላይ ያው ነው። ቫይታሚን ቢ1 ሳይቀድም የሚሰቀል ግሉኮስ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። በከባድ ምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን በኤፍ 75 ወተት የሚጀምሩ የማረጋጊያ ክፍል ነርሶች ይህን ሥርዓት ያውቁታል፤ 100 ሚሊ ሊትሩ 75 ካሎሪ ብቻ የያዘው ሰውነት እስኪለምድ ነው። የፎስፌት ምርመራ በሌለበት በቀን ሁለት ጊዜ ምት፣ ትንፋሽና የእግር እብጠት እየታየ፣ ፖታሲየሟ እየተለካ መጠኑ በየቀኑ ይጨመራል። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በሌላ በኩል ፈርቶ ለሳምንታት በትንሽ ማቆየትም እንዲሁ ይገድላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤተሰብ ነው። በለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል የዳበረው የቤተሰብ ሕክምና ለታዳጊዎች ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው፤ ወላጆች ምን ያህልና መቼ እንደምትበላ ለጊዜው ራሳቸው ይወስናሉ፣ ሦስት ማዕድና ሁለት ሦስት መክሰስ ሳይጣሉ ያቀርባሉ፣ ከበላች በኋላም አንድ ሰዓት ያህል አብረዋት ይቀመጣሉ። ቤት ሆና የምትታከም በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብትጨምር መልካም ነው። ፍሉኦክሴቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ለቡሊሚያ ይረዳል፣ የመነመነችን ልጅ ግን አያበላም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የአመጋገብ ሕመምን አይፈውስም፤ የሚሰጠው ኢንፌክሽን ሲኖር ብቻ ነው።

ችግሩ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤናን የሚሠሩበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ስለ አመጋገብ ሕመም የራሱ ክፍል የለውም፤ ስለዚህ ከአለም ከተማ ወይም ከመሀል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የምትጻፍ ልጅ ወረቀት ላይ “ጨጓራ፣ ታይፎይድ” ተብሎ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይህ ቢሆን ተቀባዩ ሐኪም ከባዶ አይጀምርም፦ ከሕመሙ በፊት የነበረው ኪሎና የዛሬው፣ ኢንፌክሽኑ የተጀመረበት ቀንና የወሰደቻቸው መድኃኒቶች ሁሉ በስም፣ ተኝታና ቆማ የተቆጠረው የልብ ምት፣ ሙቀት፣ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን፣ ለስንት ቀን ምን ያህል እንደበላች፣ የኢኤስአርና የደም ስኳር ውጤት። በመንገድ ላይም ግሉኮስ እንዳይሰቀልላት ከታች ይጻፍ፤ የደም ስኳሯ ወርዶ ከተገኘ ብቻ፣ ከቢ1 ጋር።